ካሜራው ከሰለሞን ተካ ወደ ተቃጠለው መኪና ለምን ዞረ?

ጥያቄ፦ በእስራኤል፣ በነታንያ ከተማ የምኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊትና የሁለት ወንዶች ልጆች እናት ነኝ። በ2019 እንደኛው ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነው ወጣት ሰለሞን ተካ በፖሊስ ጥይት ሲሞት ከልጆቼ ጋር ሰልፍ ወጥቻለሁ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ሁሉ አብሮን ያዘነ መሰለኝ። ሁለት ቀን ሳይሞላ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ተቃጠለ መኪናና ስለ ተዘጋ መንገድ ሆነ። እኛም ረባሾች ተባልን። ትልቁ ልጄ ከዚያ ወዲህ "ዜና ሁሉ ውሸት ነው" ብሎ ማየት ትቷል። ለምን እንዲህ ሆነ? ሰልፍ መውጣታችን ጠቀመን ወይስ ጎዳን? ልጄንስ ምን ልበለው?

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ብዙ እናቶች በልባቸው የያዙትን ነው የጠየቁት። እኔ የዜና አሠራርን የማጠና ሰው ነኝ፤ ከዚያ በፊትም በዜና ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። የማውቀውን ልንገርዎ። ረዘም ይላል፤ ይታገሱኝ።

በዚያ ሳምንት የታዘቡት ነገር እውነት ነው። ሐዘን ያመጣብዎት ስሜት አይደለም፤ ዘገባው በእርግጥ ዞሯል። የዞረው ግን አለቆች ተሰብስበው ስለዶለቱባችሁ አይመስለኝም። ዜና ክፍሎች በየቀኑ የሚሠሩበት ልማድ ነው ያዞረው። ይህ ደግሞ ከሴራ ይከፋል እላለሁ። ሴራ ሲጋለጥ የሚያፍር ሰው አለ። በልማድ የሚሠራ ሰው ግን ጥፋት መሥራቱም አይታወቀው።

የሆነውን ላስታውስ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እሑድ ጁን 30 ቀን 2019 ማታ፣ የሃይፋ ሰፈር በሆነችው ቂርያት ሃይም፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ሰለሞን ተካ በጥይት ተመትቶ ሞተ። የተኮሰው ፖሊስ ሥራ ላይ አልነበረም። ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር መናፈሻ ወጥቶ ነበር። እሱ እንዳለው ወጣቶች ሲደባደቡ አይቶ ሊገላግል ገባ፣ ድንጋይ ተወረወረበት፣ ለሕይወቱ ሲሰጋ ወደ መሬት ተኮሰ። በቦታው የነበሩ ወጣቶች ደግሞ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር አልነበረም አሉ። ሁለት ታሪክ ነበር ማለት ነው። ግን ሁለቱ ሕዝብ ጆሮ የደረሱት እኩል አይደለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ሥር እዚህ ነውና። ማታ ተኩስ ሲኖር የወንጀል ዘጋቢው ስልክ ላይ ቀድሞ የሚደርሰው የፖሊስ ቃል አቀባይ መልእክት ነው። መልእክቱ ተጠናቅቆ፣ ተስተካክሎ ይመጣል። ማን፣ የት፣ ለምን ሁሉ ገብቶበታል። አዘጋጁ ትንሽ ነካክቶ ማውጣት ይችላል። ቤተሰቡስ በዚያ ሰዓት የት ነው? ሆስፒታል በር ላይ ነው፣ ወይም እያለቀሰ ነው። የልጁ ጓደኞች ፖሊስ ፊት ቃል እየሰጡ ነው። አብዛኞቹም ልጆች ናቸው፤ ማይክሮፎን ፊት ቆመው አያውቁም። ቃል አቀባይ የላቸውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ታሪክ የፖሊስ ይሆናል። በማግስቱ የሚመጣው የቤተሰቡ ቃል "ቤተሰቡ ግን እንዲህ ይላል" በሚል ጭራ ሆኖ ይገባል። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" እንላለን። የዜና ተመልካች ግን እስኪጠራ አይጠብቅም፤ የመጀመሪያውን ሰምቶ ይተኛል።

ይህ የእስራኤል ብቻ ችግር አይደለም። ሜይ 25 ቀን 2020 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ጆርጅ ፍሎይድ ሲሞት፣ የከተማው ፖሊስ ያወጣው የመጀመሪያ መግለጫ አንድ ሰው ከፖሊስ ጋር በነበረ ግንኙነት መሃል በጤና እክል እንደሞተ የሚናገር ነበር። አንገቱ ላይ ስለ ተቀመጠው ጉልበት አንድም ቃል የለበትም። የ17 ዓመቷ ዳርኔላ ፍሬዚየር በስልኳ ባትቀርጸው ኖሮ፣ ያ መግለጫ አጭር የአካባቢ ዜና ሆኖ ባለፈ ነበር። ቪዲዮው ወጣ። በዓመቱ ፖሊሱ ዴሪክ ሾቪን በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ተባለ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ተኩል ተፈረደበት።

እኛም ቤት ተመሳሳይ ነገር አይተናል። ኤፕሪል 26 ቀን 2015 ሆሎን ውስጥ ወታደሩ ደማስ ፈቃደ፣ የሠራዊት ልብሱን እንደለበሰ፣ በፖሊስ ተደበደበ። እሱ ራሱ ፖሊስ መትቷል ተብሎ ተያዘ። ነገሩን የገለበጠው የደኅንነት ካሜራ የቀረጸው ቪዲዮ ነው። ቴሌቪዥን ሲያሳየው አገር ሁሉ አየ። በሳምንት ውስጥ መጀመሪያ በኢየሩሳሌም፣ ከዚያ በቴል አቪቭ ሕዝባችን አደባባይ ወጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁም ልጁን ጠርተው አነጋገሩት። እንግዲህ አስቡት፤ ያ ካሜራ ባይኖር ደማስ የሚታወሰው ፖሊስ የመታ ወታደር ተብሎ ነበር፣ ያውም የሚያስታውሰው ከተገኘ።

በሰለሞን ጊዜ እንዲህ ሁሉም ያየው ቪዲዮ አልነበረም። ስለዚህ ክርክሩ በቃል ላይ ቀረ፤ በቃል ክርክር ደግሞ ባለሥልጣን ያሸንፋል። ሌላም ነገር ነበር። የተኳሹ ፖሊስ ስም እንዳይወጣ ታግዶ ነበር። የሟቹ ስም፣ ፎቶና ቤተሰብ በየገጹ ነው። እሱ ሲመረመርና ሲተነተን፣ የተኮሰው ሰው ስም የሌለው ጥላ ሆኖ ቀረ። እገዳው የራሱ ሕጋዊ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ የፖሊሱ ቤተሰብም ዛቻ ሊደርስበት ይችላል። በዘገባው ላይ የሚያመጣው መዛባት ግን እውነተኛ ነው፤ ጋዜጠኛ ይህን አውቆ ሚዛኑን መጠበቅ አለበት። በዚያ ሳምንት ይህን ያደረጉት ጥቂቶች ናቸው።

አሁን ወደ መዞሩ እንምጣ። ሰለሞን የተቀበረው ጁላይ 2 ነው። የዚያን ዕለት ከሰዓት ጀምሮ መንገዶች ተዘጉ፤ ቴል አቪቭ አዝሬሊ መገናኛ፣ የሃይፋ መግቢያ፣ ሌሎችም። ሰው ለሰዓታት መኪና ውስጥ ተቀመጠ። ማታ ላይ መኪና ተቃጠለ፣ ድንጋይ ተወረወረ። ፖሊስ ከ100 በላይ ባልደረቦቼ ተጎዱ፣ ከ130 በላይ ሰዎችን አሰርኩ አለ። ከዚያች ማታ ጀምሮ ጥያቄው ተቀየረ። "ልጁ ለምን ሞተ?" የነበረው "መንገዱ መቼ ይከፈታል?" ሆነ።

ለምን? አንደኛ፣ እሳት ለካሜራ ይመቻል። ሐዘን አይመችም። መናፈሻው ውስጥ የቀረ የሚታይ ነገር የለም፤ አውራ ጎዳናው ላይ ግን በቀጥታ የሚተላለፍ ምስል አለ። የማይረሳኝ ሁለተኛው ምክንያት ነው። ከአገሩ ሕዝብ የእኛ ሰው ከመቶ ሁለት እንኳን አይሞላም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ዜና የሚያየው ሌላው ሰው ራሱን በዚያ መናፈሻ ውስጥ አያገኘውም። ልጁ በፖሊስ ይቆምብኛል ብሎ ሰግቶ አያውቅም። ቴል አቪቭን በሚያቋርጠው አያሎን አውራ ጎዳና ላይ ግን በየቀኑ ይነዳል። በተዘጋው መንገድ የቆመው ሰው እሱ ነው፣ ወይም እህቱ ናት። አዘጋጁም የሚነዳው በዚያው መንገድ ነው። እና ካሜራው ተመልካቹ ራሱን ወደሚያይበት ዞረ። ስለዚህ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር የጋዜጠኛው ክፋት አይደለም። ዜና ክፍሉ ውስጥ በዚያ ማታ "ልጄ ቢሆንስ" ብሎ የሚደነግጥ ሰው ስንት ነበር የሚለው ነው። ጥቂት ነበር፤ ብዙ ቦታ ደግሞ ከነጭራሹ አልነበረም።

በአሜሪካ ይህን በቁጥር ለክተውታል። በ2020 ክረምት የተካሄዱትን የፍትሕ ሰልፎች የመዘገበ አንድ የጥናት ድርጅት ከመቶ 93 ያህሉ ያለ ሁከት ማለፋቸውን አሳይቷል። ተመልካቹን ቢጠይቁት የሚያስታውሰው ግን የተቃጠለ ሱቅ ነው። የቀሩት ሰባቱ ሙሉውን ምስል ወሰዱት።

ይህን ስል ያ ማታ የሆነውን አላቃልልም። ምንም ያላደረጉ ነጂዎች ተደብድበዋል፤ ሰዎች ከልጆቻቸው ጋር መኪና ውስጥ ፈርተው ተቀምጠዋል። ይህ ስሕተት ነው፤ መዘገቡም ትክክል ነው። የሰለሞን ቤተሰብ እንኳን የሐዘኑ ሰባት ቀን እስኪያልፍ ሰልፉ ጋብ ይበል ብሎ ለምኗል። ልመናው ከእሳቱ ጋር እኩል ሰዓት ቢያገኝ ኖሮ አገሩ ሌላ ሕዝብ ያይ ነበር።

ሌላው የጠፋው ነገር ያለፈው ታሪክ ነው። ከአምስት ወር በፊት፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 2019፣ ባት ያም ውስጥ የ24 ዓመቱ ይሁዳ ቢያድጋ በፖሊስ ጥይት ሞቷል። የአእምሮ ሕመም ነበረበት፤ ቢላ ይዞ ከቤት ወጥቶ ነበር። ቤተሰቡ ፖሊስ የጠራው እንዲያረጋጋው ነው። በወሩ መጨረሻ ሺዎች ቴል አቪቭ ወጥተው በሥርዓት ጠየቁ። ያ ሰልፍ የአንድ ማታ ዜና ሆኖ አለፈ። የተኮሰው ፖሊስ መዝገብም ያለ ክስ ተዘጋ። በጁላይ የወጣው ወጣት ይህን ሁሉ ያውቃል። በሥርዓት ጠይቀን ነበር፣ ማን ሰማን ይላል። ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ግን አያውቅም። ለእሱ ነገሩ እሑድ ማታ ተጀመረ፤ ስለዚህ ቁጣው ከመጠን በላይ ይመስለዋል። ዘገባ ሞቱን ብቻውን ነጥሎ ሲያቀርበው፣ ንዴቱም መነሻ የሌለው ይመስላል።

ጠቀመን ወይስ ጎዳን ብለዋል። እንደ እኔ ጠቅሟል፤ ግን ሰልፉ ብቻውን አይደለም። ከጥንቱ ልነሳ። በጃንዋሪ 1996 ማዕሪቭ ጋዜጣ የእኛ ሰዎች የሚለግሱት ደም በድብቅ እንደሚጣል አጋለጠ። ሺዎች ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጡ። ከፖሊስ ጋር ግጭትም ነበር። ከዚያ በኋላ በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከ2015ቱ ሰልፍ በኋላ ደግሞ በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ሥራ አስኪያጅ በኤሚ ፓልሞር የሚመራ ኮሚቴ ተቀመጠ። በ2016 ዘረኝነት መኖሩን በመንግሥት ወረቀት አምኖ 53 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ። ከእሱም በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ዘረኝነትን የሚከታተል ክፍል ተወለደ፤ መጀመሪያ በጠበቃ አወቀ ኮቢ ዘና የተመራ። በዚያው ዓመት የፖሊስ ኮሚሽነሩ ሮኒ አልሼህ ፖሊስ የእኛን ሰው አብልጦ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ ነው የሚል ነገር በአደባባይ ተናገሩ፤ ብዙ ቁጣም አስነሳ። ግን ለዓመታት "ማስረጃ የላችሁም" ሲባል የነበረውን ነገር ዋናው አለቃ ራሳቸው አፍ አውጥተው አሉት።

በጃንዋሪ 2021 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ የእኛ ጠበቆች ያቋቋሙት "ጠበቃ" የተባለው ድርጅት ከሌሎች ጋር ባቀረበው አቤቱታ ላይ፣ ፖሊስ ያለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ መታወቂያ እየጠየቀ ሰውን የሚያቆምበት አሠራር ሥልጣን የለውም ብሎ ወሰነ። ልጅዎ ምሽት ላይ መንገድ ዳር ሲቆም ይህ ውሳኔ ከብዙ ንግግር የበለጠ ይነካዋል። ታዲያ ስንቱ ሰው ሰምቶታል? መንገድ አልተዘጋም፣ መኪና አልነደደም። የፍርድ ቤት ወረቀት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

የሰለሞን መዝገብም እንዲሁ ነው የሄደው። ብዙ ሰው አልተከታተለውምና ልንገርዎ። የፖሊሶችን ጥፋት የሚመረምረው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው ማሐሽ ጥይቱን አስመረመረ። ጥይቱ መጀመሪያ መሬት መትቶ፣ ነጥሮ ሰለሞንን እንዳገኘው ተነገረ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ "ሸፋፈኑት" አለ። ስሜቱ ይገባኛል። ግን ነጥሮ መምታቱ ጥያቄውን አይዘጋውም። ጥያቄው ከዚያ ነው የሚጀምረው። ወጣቶች በቆሙበት ቦታ ወደ ጠንካራ መሬት መተኮስ ምን እንደሚያስከትል የሠለጠነ ፖሊስ ማወቅ የለበትም? ለመተኮስ የሚያደርስ አደጋስ በእርግጥ ነበር? በዚያ ሳምንት ማይክሮፎን የያዘ ሁሉ ይህን መጠየቅ ነበረበት። ብዙዎቹ "ጥይቱ ነጥሮ ነው" ብለው ነገሩ ያለቀ አስመሰሉት። እኛም ውጤቱን አናምንም ብለን ስለተውነው ዋናውን ጥያቄ ሳንገፋው ቀረን።

በኖቬምበር 2019 ማሐሽ ፖሊሱን ሞትን በቸልተኝነት በማድረስ ሊከሰው ማሰቡን አሳወቀ። ክሱ በ2020 ሃይፋ ፍርድ ቤት ገባ። ይህ የክስ ዓይነት ከፍተኛ ቅጣቱ ሦስት ዓመት እስራት ነው። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ምርጫ በምርጫ ላይ ተደራረበ። ችሎቱ ቀጠለ፤ ካሜራው ግን ሄዷል። በ2023 ፍርድ ቤቱ ፖሊሱን ነጻ አለው። እንደገና ቁጣ፣ እንደገና የአንድ ሁለት ቀን ዜና። ከእሳቱ እስከ ፍርዱ ባሉት ዓመታት ማን ምን መሰከረ፣ ዳኛው ምን ጠየቁ፣ ዐቃቤ ሕግ የት ላይ ደከመ፤ አብዛኛው ሕዝባችን አያውቅም። ስለዚህ ፍርዱን ለመቀበልም ሆነ ለመቃወም የሚያስችል ነገር በእጁ የለም። ያለው ቁስሉ ብቻ ነው።

የራሳችንንም የአማርኛ ዜና ልተቸው። ወላጆቻችን የሚሰሙት እሱን ነው፤ ኃላፊነቱ ከባድ ነው። ግን ብዙ ጊዜ የምንሠራው የዕብራይስጡን ዜና ወደ አማርኛ ማምጣት ነው። የዕብራይስጡ ዜና ከፖሊስ መግለጫ ከተቀዳ፣ እኛም በእናት ቋንቋችን የምናሰማው የፖሊስን መግለጫ ነው። ቤተሰቡን በአማርኛ ማናገር የምንችለው እኛ ነን። ሽማግሌው ያዩትን በራሳቸው አፍ እንዲናገሩ ማድረግ የምንችለው እኛ ነን። ያንን ዕድል አባክነነዋል። ፌስቡክ ላይ ያለው ደግሞ ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ማንም ያላጣራው ድምፅ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ይላካል። አንዱ ውሸት ሲጋለጥ ደግሞ እውነተኛው ምስክርም አብሮ ይጣላል።

ልጅዎን በተመለከተ። "ዜና ሁሉ ውሸት ነው" ሲል አይቆጡት፤ የመጣበትን ያውቁታል። ግን የደሙን ነገር ያጋለጠው ጋዜጣ መሆኑን ይንገሩት። ደማስን ያዳነው ቴሌቪዥን ላይ የወጣ ቪዲዮ መሆኑንም። ሁሉም ውሸት ቢሆን እነዚህን ማን ይነግረን ነበር? ዜና ማየት ሲተው የሚጠቀመው ያ የመጀመሪያ ማታ መግለጫ ነው፤ የሚጠይቀው ሰው አንድ ቀነሰለት። ይልቅ እንዲህ ያለ ዜና ሲያይ ይህን የነገረን ማነው፣ እስካሁን ያልተናገረውስ ማነው ብሎ መጠየቅ ይልመድ። መልሱን በዚያው ማታ አያገኘውም። በሳምንቱ፣ በወሩ ተመልሶ ይፈልገው። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ እሱና ጓደኞቹ ገብተው መቀመጥ ይችላሉ። አንድ ወጣት ችሎት ተቀምጦ የሰማውን በአማርኛና በዕብራይስጥ ቢጽፍ፣ ከእኛ ከባለሙያዎቹ የበለጠ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ይህን ዛሬውኑ ንገሩት። በአደባባይ የፖሊስን ሥራ መቅረጽ አይከለከልም፤ ሥራውን እስካላደናቀፈ ድረስ። ራቅ ብሎ፣ እጁ እየታየ፣ ሳይሳደብና ሳይጠጋ ይቅረጽ። ስልኩን አያጥፋ፣ ከመሃል አይጀምር፤ የቦታው ስምና ሰዓቱ የሚታወቅበት ነገር ይግባበት። ከዚያ ቪዲዮውን ሳይቆርጥ፣ ሙዚቃም ጽሑፍም ሳይጨምር ያስቀምጥ። ኢንተርኔት ላይ ከመልቀቁ በፊት ቅጂውን ለጠበቃ ይስጥ። የተቆረጠ ቪዲዮ ቴሌቪዥን ላይ ያስለቅሳል፤ ችሎት ፊት ግን ይወድቃል። የሌላ ሰው ልጅ ቆስሎ ወይም ሞቶ የሚታይበት ከሆነ ደግሞ፣ እናቱ ከስልክ ላይ እንዳታየው መጀመሪያ ቤተሰቡን ያግኝ።